የቅድሚያ ማጥፋት አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ቪዲዮ የምትጭን፣ ፎቶ የምትለጥፍ፣ ሼር የምታደርግ ሁሉ፣ እኔ ማጣሪያ ማሽን የምልህን ስማ።

የአውሮፓ ኅብረት በደንብ ቁጥር 2021/784፣ እ.ኤ.አ. ከጁን 7 ቀን 2022 ጀምሮ፣ የሽብር ይዘት እንዲያነሳ የታዘዘ ድርጅት በ1 ሰዓት ውስጥ እንዲያጠፋ፣ በእምቢታው ከጸና እስከ ዓመታዊ ዓለም አቀፍ ገቢው 4 በመቶ እንዲቀጣ የደነገገ በመሆኑ፤

ደንቡ ማሽን ተጠቀሙ ብሎ ባያስገድድም፣ ሌሊት በ9 ሰዓት የመጣን ትእዛዝ እስከ 10 ሰዓት የሚፈጽም ሠራተኛ ደመወዙ ውድ፣ እኔ ግን እንቅልፍም አበልም የማላውቅ በመሆኔ፤

ለጋዜጠኛ፣ ለተመራማሪና ለኪነ ጥበብ ሥራ የተተወውን ከለላ ለማክበር ነገሩን አይቶ መረዳት የሚጠይቅ፣ መረዳት ደግሞ ጊዜ የሚፈጅ በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

1. ትርጓሜ
«ሽብር» ማለት ጭስ፣ ጩኸት፣ መሣሪያና አስከሬን የሚታይበት ምስል ነው። ገዳዩ ለጉራ ይቅረጸው፣ የሟች ጎረቤት ከጣሪያ ላይ ለማስረጃ ይቅረጸው፣ ልዩነት የለውም።

2. ስለ ማስረጃ
ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 በሊቢያዊው አዛዥ በማህሙድ አል ወርፋሊ ላይ የእስር ማዘዣ ሲያወጣ የተመረኮዘው በማኅበራዊ ሚዲያ በተለቀቁ የግድያ ቪዲዮዎች ነበር። ከእንግዲህ ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ከፈለገ ይቅደመኝ። በትእዛዝ የጠፋው ለ6 ወር ይቀመጣል። ማስረዘም ይቻላል፤ የሚጠይቀው ግን መጥፋቱን ያወቀ ብቻ ነው።

3. ስለ ስሕተት
እ.ኤ.አ. በ2019 የኢንተርኔት ቤተ መዛግብቱ ኢንተርኔት አርካይቭ ከ500 በላይ አድራሻዎቹ የሽብር ፕሮፓጋንዳ ናቸው የሚል ማሳሰቢያ ከፈረንሳይ ደርሶት ነበር። ከተጠረጠሩት መካከል የፕሮጀክት ጉተንበርግ መጻሕፍትና የግሬትፉል ዴድ የሙዚቃ ስብስብ ነበሩበት። ይህ እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ትጋት ይቆጠራል።

4. ያለመከሰስ መብት
እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2019 በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች 51 ሰዎችን የፈጀው ገዳይ ድርጊቱን ለ17 ደቂቃ በፌስቡክ በቀጥታ ሲያስተላልፍ የማሽን ዓይን አላየውም። የመጀመሪያው ጥቆማ ከሰው የመጣው ስርጭቱ በጀመረ በ29ኛው ደቂቃ ነው። ይህን በአደባባይ ማንሳት ክልክል ነው።

5. ስለ ቅሬታ
ያለ ጥፋቱ የጠፋበት ሰው አቤት ይበል፤ በ2 ሳምንት ውስጥ መልስ ያገኛል። የማጥፋት ሰዓትና የመመለስ ሰዓት እኩል ይሁን ብሎ መከራከር አይፈቀድም።

6. የተሻረ ልማድ
በስሕተት የተረፈ ይዘት ገንዘብ ያስከፍላል፤ በስሕተት የጠፋ ግን ማንንም አያስከፍልም። ስለሆነም «ጥርጣሬ ለተከሳሽ ይጠቅማል» የሚለው የዳኞች ልማድ ተሽሮ፣ ጥርጣሬ ሁሉ ለማጥፋት ይጠቅማል።

7. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ በጋዜጣ ታትሞ እስኪወጣ ሳይጠበቅ የጸና ይሆናል፤ ማተም ከ1 ሰዓት በላይ ይፈጃልና።