ባንዲራ ያዡ ኢንጂነር

የዘንድሮ ወጣት አፉን የሚፈታው በቅሬታ ነው። ገሱባ መናኸሪያ አጠገብ ቡና ልጠጣ ቁጭ ባልኩ ቁጥር የምሰማው አንድ ዜማ ነው፤ «ሥራውን የውጭ ሰው ወሰደው!» የውጭ ሰው ማለት ማን ነው? አንዱ ቻይናው ነው ይላል፣ አንዱ ህንዱን ይጠራል፣ ሌላው ከሶዶ የመጣ ባለ ባጃጅ ላይ ጣቱን ይቀስራል። ሶዶ እኮ የወላይታ ዞናችን ዋና ከተማ ነው! ትንሽ ብቆይ እኔንም ከላይ ሰፈር የመጣ ስደተኛ ሳይሉኝ አይቀሩም።

በእኛ ጊዜ የውጭ ሰው ብርቅ አልነበረም። ሒሳብ ያስተማሩኝ ህንዳዊ ናቸው፤ ኩርኩማቸው እስከ ዛሬ ያመኛል፣ ማባዛቱም እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የእርሻ ልማት ድርጅቱ ዋዱ በዓለም ባንክ ብድር ወላይታ ሲገባ፣ ፈረንጆች ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ሊያስተምሩ ማሳ ለማሳ ሲዞሩ አባቴ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ይስቅ ነበር። ሥራዬን ወሰዱብኝ አላለም። ሥራ እንጂ መች ደመወዝ ነበረውና!

አጎቴ ደግሞ ወንጂ ወርዶ ለሆላንዶቹ ሸንኮራ ቆርጧል። ፋብሪካው በ1946 ሥራ ከጀመረ ወዲህ አገዳ ሊቆርጥ ከወላይታ፣ ከከምባታና ከሐዲያ ያልወረደ ጎረምሳ አልነበረም ማለት ይቀላል። አለቃው ሆላንዳዊ፣ ቆራጩ ወላይታ። እሱም ቢሆን ለወንጂ ሰው ባዕድ ነበር፤ ግን ማን ጠየቀው?

አሁን ወደ ልጅ ልጄ ልምጣ። በሲቪል ምህንድስና ተመርቋል። ጋውን ለብሶ የተነሳው ፎቶ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ከጌታችን ሥዕል ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ እናቱን ዝቅ አድርጊው ብላት እምቢ አለች። ታዲያ ይህ ኢንጂነር የመንገድ ሥራ ተቀጠርኩ ሲል ደስ ብሎኝ ላየው ሄድኩ። ቢጫ ሰደርያ ለብሶ፣ በአንድ እጁ ቀይ፣ በሌላው አረንጓዴ ባንዲራ ይዞ መኪና ያስቆማል፣ መኪና ያሳልፋል። ፀሐዩ አናቱን ይመታዋል። ግሬደሩ ላይ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰውዬ ጥላ ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ሁለቱ የሚግባቡት በጣት ነው።

«ለምን አንተ አትነዳውም?» አልኩት።

«ልምድ የለኝም፣ አባባ።»

«ልምዱ የት ነው የሚገኘው?»

«ግሬደሩ ላይ።»

«እሱ ላይ የሚወጣውስ?»

«ልምድ ያለው።»

ይህን ሰምቼ ሁለት ቀን ራሴን አመመኝ።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ የውጭ ሰው ያለ ሥራ ፈቃድ አይቀጠርም ይላል፤ ፈቃዱ ለ3 ዓመት ነው፣ በየዓመቱም ይታደሳል። የኢንቨስትመንት አዋጁ ደግሞ፣ 1180/2012፣ ባለሀብቱ የውጭ ባለሙያ ካመጣ ኢትዮጵያዊ አሠልጥኖ በተወሰነ ጊዜ እንዲተካበት ያስገድዳል። ይህን ያነበበልኝ ያው ባለ ባንዲራው ነው፤ መኪና በማያልፍበት ሰዓት አዋጅ ያነባል። ያማረ ሕግ ነው። እኔ የምጠይቀው፣ ግሬደሩ ላይ ከተቀመጠው ሰውዬ አጠገብ ለተማሪ የሚሆን ወንበር ለምን እንዳላየሁ ነው።

ሲፈለግ እንደሚቻልማ አይተናል። የአዲስ አበባ ጅቡቲን ባቡር ከታኅሣሥ 2010 ጀምሮ ቻይናዎቹ 6 ዓመት በውል ሲያስተዳድሩ ቆይተው በግንቦት 2016 አስረክበዋል። የእኛ ልጆች ተረከቡት፤ ባቡሩም ሐዲዱን አልሳተም። ለባቡር የበቃ ልጅ ለግሬደር ያንሳል?

ለፍትሕ ያህል ግን ሁሉንም በፈረንጅ ማላከክ አይቻልም። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ሲመረቅ ከየቀበሌው ሴቶች ልጆች ሻንጣ አንጠልጥለው ሄዱ። ከስሪላንካና ከህንድ የመጡ አሠልጣኞች ስፌት አሳዩአቸው፤ ማሽኑን ለመዱት። ከዚያ አሜሪካ በ2014 ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ ከአጎዋ አስወጣችን። ትእዛዙ ቀረ፣ ኩባንያ ለቆ ወጣ፣ ስንቷ ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች። ያኔ ሥራውን የወሰደው የትኛው ቻይና ነው? ዋሽንግተን ተቀምጦ የፈረመው ሰውዬ ገሱባ የት እንዳለች ያውቃል? መናኸሪያው ላይ ይህን ስናገር ጎረምሶቹ ስልካቸውን ማየት ጀመሩ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ያለፈው ሳምንት ነገር ነው። ባለ ባንዲራው ማታ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ቆጮውንና ዳጣውን ሳይነካ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጅ ጉሮሮውን ከጠረገ ገንዘብ ሊጠይቅ ነው።

«አባባ፣ ጆሃንስበርግ ልሄድ ነው። ደላላው ቀብድ ይፈልጋል፤ በሬውን ብንሸጠው።»

«እዚያ ሄደህ ምን ልትሆን?»

«ሱቅ እሠራለሁ።»

«የአገሩ ልጆችስ?»

ዝም አለ። በግንቦት 2000 የአገሩ ወጣቶች «ሥራችንን ወሰዱ» እያሉ የባዕዱን ሱቅ ሲሰብሩና ሲያቃጥሉ ከተዘረፉት መካከል ኢትዮጵያውያን እንደነበሩ ነገርኩት። ሳውዲም በ2006 ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ጠርዛ ስትመልስ በቴሌቪዥን አብረን አይተናል። ቀን መናኸሪያ ላይ የውጭ ሰው ይውጣልን የሚል ልጅ፣ ማታ እኔ ዘንድ መጥቶ የውጭ ሰው አድርገኝ ይላል! እኔ ደግሞ ለዚህ ሹመት በሬ ላዋጣ!

«እሺ፣ ሌላ ምን ላድርግ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ስለዚህ ተቆጣሁ። በእኔ ዕድሜ ላለን የተተወልን መብት እሱ ነው። ነገ ወደ መንገዱ ሥራ ወርጄ ያን ኦፕሬተር ራሴ አነጋግረዋለሁ፤ በጣትም ቢሆን እንግባባለን። ግማሽ ቀን ልጁ ግሬደር ይንዳ፣ ግማሽ ቀን እሱ ባንዲራ ይያዝ። እምቢ ካለ ደግሞ ባንዲራውን እኔ እይዛለሁ።

በሬው ግን አይሸጥም። ለጊፋታ በዓላችን ነው።