በእንተ መዓር፦ ስለ ንጹሕ ማርና ስለ መስካሪዎቹ

በጃፓን አገር፣ ሆምጣጤ በነካው ሩዝ ላይ ጥሬ ዓሣ አጋድመው ሱሺ ብለው የሚበሉት ሰዎች፣ እውነተኛው ሱሺ ከየትኛው ቤት እንደሚገኝና የማን ምላስ እንደሚታመን እስኪኳረፉ ድረስ ይከራከራሉ ሲባል፣ የባሌ ሰው ሰምቶ አይደነቅም። ከሮቤ እስከ ጎባ ያለችው 14 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች ጎዳና፣ ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሣ የሚጠበቀው ጊዜ ሲጨመርባት፣ ስለ ንጹሕ ማር አንድ ሙሉ ጉባኤ ለማካሄድ ትበቃለችና። እኔም በዚህ ጉባኤ ብዙ ዘመን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ስለ ሰማሁ፣ የመርማሪዎቹን ማኅበራት በየስማቸው ለይቼ ለትውልድ ማቆየት ግዴታዬ መስሎ ታየኝ።

ስለ ስፍራው ክርክር የለም። ንጹሕ ማር ከሐረና ጫካ ይመጣል፤ ይኸውም ከጎባ ተነሥቶ የሰነቴን አምባ የሚያቋርጠው መንገድ፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን እያሳየ ወደ ሪራና ወደ ደሎ መና ሲወርድ የሚሰነጥቀው፣ ቀፎው ከረጅም ዛፍ ላይ የሚሰቀልበት፣ ንቢቱም ከኮሶው ወደ ጌተሙ፣ ከጌተሙም ወደ ጫካው ቡና አበባ የምትመላለስበት ስፍራ ነው። ይህን ሁሉም ያምናል። ጎረቤቱ የገዛው ማር ከዚያ መምጣቱን የሚያምን ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ከመርማሪዎቹ በመጀመሪያ የሚነሡት ክብሪታውያን ናቸው። እነዚህ የክብሪቱን እንጨት በማሩ ነክረው፣ አራግፈው ይጭሩታል፤ ከተለኮሰ ማሩ ንጹሕ፣ ካልተለኮሰ ሐሰተኛ ነው። እሳት የሚመሰክረው በማሩ ውስጥ ያለውን ውሃ እንጂ የማሩን ዘር አለመሆኑን፣ በደንብ የወፈረ የስኳር ሽሮፕም እንዲሁ እንደሚያስለኩስ ቢነገራቸው፣ «አንተ ማር ታውቃለህ?» ብለው ይመልሳሉ። በጎባ ክረምት ማር ያልነካው ክብሪት እንኳ አይለኮስምና፣ በእነርሱ ሥርዓት ከሰኔ እስከ መስከረም በዚያች ከተማ እውነተኛ ማር የለም። ከእነርሱ ቀጥሎ ማሩን በጣታቸው አንሥተው ክሩ ሳይበጠስ እስከ ምን እንደሚወርድ የሚለኩ ክራውያን፣ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ የሚጥሉት ውሃውያን፣ ጉንዳን የሚጠሩበትም አሉ፤ ስለ እነርሱ ማስፋት አያስፈልግም።

ታላቁ መለያየት የሆነው ስለ መርጋት ነው። አንደኛው ወገን፣ ረግቶ እንደ አሸዋ የሻከረ ማር ስኳር የተደባለቀበት ነው ይላል፤ ሁለተኛው ወገን፣ የማይረጋ ማር ማር አይደለም ይላል። ማር ከሁሉ ፈጥኖ የሚረጋው በ14 ዲግሪ ሙቀት ገደማ ስለሆነ፣ ጎባም በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብርዷን ለብሳ የተቀመጠች ስለሆነች፣ ያው አንድ ባልዲ በደሎ መና ቆላ ሃይማኖቱ የቀና ሆኖ ይጫንና ሰነቴን ተሻግሮ ጥቂት ቀን በጓዳ ካደረ በኋላ መናፍቅ ሆኖ ይገኛል። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደንብ፣ በጠቅላላው የማር ውሃ ከመቶ 20፣ ሱክሮስ የተባለውም ስኳር ከመቶ 5 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ሊቃውንቶቻችን ግን ሳይቀመስ የሚፈረድበትን ፍርድ አይቀበሉም።

አሁን ወደ ሰማዕታውያን እንመጣለን፤ ብዕሬም ለዚህ ሲል ነው የተቀረጸው። ሰማዕት በግዕዝ መስካሪ ማለት ነው፤ እነዚህም ማር የሚያምኑት በውስጡ ሞታ የተገኘች ንብ ስትመሰክርለት ብቻ ነው። ሶምሶን በአንበሳው ሬሳ ውስጥ ማር ስላገኘ፣ ሙት ከማር ጋር መገኘቱ የመጽሐፍ ድጋፍ አለው ይላሉ፤ ያን ጊዜ የሞተው አንበሳው እንጂ ንቦቹ እንዳልነበሩ ለማስታወስ የደፈረ ተማሪ ግን ከጉባኤው ወጥቷል። ሰማዕት በአካል ሦስት ናት፦ ሙሉ ንብ፣ ክንፍ ብቻ፣ እግር ብቻ። እግር ብቻ የተገኘች እንደሆነ የምን እግር ነው የሚል ጥያቄ ስለሚያስነሣ ምስክርነቷ በሰፈፍ መደገፍ አለበት። በስፍራም ሦስት ናት። ከላይ የተንሳፈፈችው ለሽያጭ የተሾመች ናት ተብላ ትጠረጠራለች። በመካከል ያለችው የታመነች ናት። ከታች ያለችው ባልዲው ካለቀ በኋላ ስለምትገለጥ፣ ምስክርነቷ ለሚቀጥለው ባልዲ ይቆጠራል፤ አንድም፣ ያለቀው ማር ንጹሕ ስለ ነበር ፈጥኖ ማለቁን ታስረዳለች። እኔ በዓይኔ ያየሁት አንድ ነጋዴ፣ በደረደራቸው ዕቃዎች ሁሉ አናት ላይ አንድ አንድ ንብ፣ እያንዳንዷን ፊቷን ወደ ምሥራቅ አድርጎ፣ እንደ ክርስቲያን ወግ አጋድሟት ነበር። በሌላ ቀን ደግሞ አክስቴ ከባልዲው ያወጡትን በጣታቸው ጫፍ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይቺማ ዝንብ ናት» ቢሉት፣ ሻጩ ጎንበስ ብሎ በጥሞና መርምሮ፣ «ንብ ናት እናቴ፤ መንገዱ ረዝሞባት ከስታ ነው» አላቸው። አክስቴ ሁለት ኪሎ ገዙ።

የመጨረሻዎቹ፣ በቁጥርም ከሁሉ የሚበዙት፣ «የማውቀው ሰው አለ» የሚሉት ናቸው። የእነዚህ ማስረጃ የሐረግ ቆጠራ ነው፦ እርሱ ከአማቹ፣ አማቹ ከኢሱዙ ሾፌር፣ ሾፌሩ ከሪራ ሰው፣ የሪራው ሰው ከቀፎው። አንድ ጊዜ ዕድል ገጥሞኝ ከሐረጉ መጨረሻ ያለውን ሰው፣ በጭስ ተከብቦ ዛፍ ላይ የሚወጣውን ራሱን አገኘሁና፣ ንጹሕ ማር በምን ይታወቃል ብዬ ጠየቅሁት። በጭሱ የቀሉትን ዓይኖቹን አሻሽቶ፣ «ከእኔ ዘንድ ሲወጣ ማር ነበር» አለና ሄደ። እንዲህ ያለ ክርክር የማያውቅ ሰው ከሊቃውንቱ ወገን ሊቆጠር ስለማይችል ከዚህ ጥናት ቀርቷል።

ከዚህ በኋላ ስለ ነጩ ማርና ስለ ቀዩ፣ ስለ ጠጅ ጣዮችም አሳብ በሰፊው ለመጻፍ አሥራ ሁለት አንቀጽ አዘጋጅቼ ነበር። ነገር ግን በሐምሌ ቀን፣ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ፣ ባለቤቴ ትኩስ ድፎ ቆርሳ፣ ረግቶ ቢላዋ እንቢ ያለውን ማር ከነዕቃው አቀረበችልን። ከእንግዶቻችን አንዱ፣ በክብሪታውያን ዘንድ የታወቁ ሽማግሌ፣ ከኮታቸው ኪስ ክብሪታቸውን አውጥተው እጃቸውን ወደ ማሩ ሲዘረጉ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ማሩን የማሟሟበት ከሰል አልያያዝ ብሎኝ ነበር» ብላ ክብሪቱን ከነቀፎው ተቀበለቻቸው። አራተኛው እንጨት ላይ ተለኮሰ።