91 ጆንያ

ከሱዳኑ ጦርነት በፊት፣ ገዳሪፍ ውስጥ ሱቅ አል መሐሲል በሚሉት የሰብል ገበያ ውስጥ፣ ለአንድ ሰሊጥ ነጋዴ ሐጂ ጆንያ ቆጣሪ ነበርኩ። በመተማ በኩል ለአረምና ለአጨዳ ከተሻገሩት ያገሬ ልጆች የምለየው፣ እነሱ ማጭድ ሲይዙ እኔ እስክሪብቶ በመያዜና በሒሳብ አንደኛ እወጣ እንደነበር ለሰው ሁሉ በማውራቴ ነው።

አንድ ቀን 91 ጆንያ ገባ። ሐጂ ክምሩ እኩል እኩል ሆኖ፣ ትርፍ ሳይንጠለጠልበት እንዲደረደር ይወዳሉ፤ በዓይን ለመቁጠር ይመቻላ። «ያ ሐበሺ፣ ስንት ስንት ይሁን?» አሉኝ። ለ2 ሞከርኩ፣ ለ3 ሞከርኩ፣ ለ5 ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። ደረቴን ነፍቼ «ሐጂ፣ ይሄ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም» አልኩ። ንግግሬን ሳልጨርስ ፊደል ያልቆጠረው ዓታል፣ የኛዎቹ ጫኝና አውራጅ የሚሉት፣ 13 ጆንያ መሬት ላይ ዘርግቶ በላዩ ላይ 6 ዙር ደረበና እጁን አራገፈ። 7 ጊዜ 13። ሐጂ ምንም አላሉም። አንዴ ክምሩን፣ አንዴ እኔን ብቻ አዩ።

ያን ዕለት ማታ ሒሳቡን ለስልኬ ላስረክብ ቆረጥኩ። ፓይተን የሚያስኬድ አፕ ጫንኩና በአውራ ጣቴ ጥቂት መስመር ኮድ ጻፍኩ፦ ቁጥሩን ከ2 ጀምረህ ከሱ በታች ባሉት ሁሉ አካፍል፤ አንዱ ቀሪ ሳይተው ካካፈለው «አይደለም» በል። ስንት እንደሚፈጅበት እንዲናገርም ሰዓት ጨመርኩበት። 91ን ስሰጠው «አይደለም፤ 41 ሰከንድ» አለኝ። ዓታሉ እንኳ ያን ያህል አላሰበም! ስልኬን ልረግም ስል ነው ነገሩ የገባኝ። ሰዓቱን ያስነሣሁት «ቁጥር አስገባ» ከሚለው መስመር በላይ ነው። ስልኩ ቁጥር እየጠበቀ፣ እኔ ከአከራዬ ጋር ስለ ኪራይ ስከራከር ነበር። የለካው ክርክሩን ነው።

አከራዬ እትዬ በደርግ ዘመን ከጎንደር የተሻገሩ ናቸው። በሌላ ቀን ኮዱ 1ን «ብቸኛ ነው» ሲል ያዝኩት፤ ከ1 በታች የሚያካፍለው ስላጣ ዝም ብሎ አሳለፈው። 1 ከብቸኛ ቁጥር እንደማይገባ ሳስረዳቸው ጀበናቸውን እያጠቡ «ብቻውን ያለ ብቸኛ ካልተባለ ማን ሊባል ነው?» አሉኝ። ያን ሁሉ ዓመት በሰው አገር ብቻቸውን የኖሩ ሴት ናቸውና መልስ አጣሁ። ኮዱን ግን አስተካከልኩ።

ቀጥሎ ዋናውን ፈተና አመጣሁ፦ 2,147,483,647። ኦይለር ብቸኛ መሆኑን ያረጋገጠው በ1772 ነው፤ ያውም ዓይኑ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ። አቦል ሲቀዳ አስነሣሁት። ስልኩ እንደ ምጣድ ጋለ። ቶናው ሲቀዳ፣ በ19ኛው ደቂቃ፣ «ነው» አለ።

«ምን አገኘህ?» አሉኝ እትዬ።

«የሚያካፍለው የለም።»

«ታዲያ ላለመካፈል ይህን ያህል ምን አደከመው?»

መውጫውን ያሳየኝ ያው ዓታል ነው፤ እሱ ግን አያውቅም። በማግስቱ ያችን የ91 ክምር በር ላይ ቆሜ ሳያት፣ 7 በ13 ያልኩት ከጎን ሲታይ 13 በ7 ነው። አንዱ ወገን ሲረዝም ሌላው ያጥራል። ሁለቱም በአንድ ላይ ከስኩዌር ሩቱ ሊበልጡ አይችሉም! እስከዚያ ድረስ ፈልጎ ያጣ ሰው ከዚያ ወዲያ ቢደክም የሚያገኘው የለም። የዚያ ጉደኛ ቁጥር ስኩዌር ሩት 46,341 አይሞላም። 2 ቢሊዮን ማካፈል ወደ 46 ሺህ ወረደ፤ 19 ደቂቃው 0.025 ሰከንድ ሆነ። ከ2 በቀር ተጋማሽ ቁጥሮችን ስዘል ደግሞ በግማሽ ቀነሰ። ቡና ሊቀዳ ቀርቶ ስኒው አልተነሣም።

ቀትር ላይ በቆርቆሮው ሥር ያንኑ ኮድ ባስኬደው ግን ጊዜው ተንዘላዘለ። ስልክ ሲግል ራሱን ለማዳን ዝግ ይላል። በገዳሪፍ ቀትር ማን ይሠራል? ከዚያ ወዲህ ንጋት ላይ ደጋግሜ እለካና ትንሹን እይዛለሁ።

ከዚህ በኋላ በሽታ ሆነብኝ። የመኪና ታርጋ፣ የኪራዬን ዋጋ፣ ዓመተ ምሕረቱን ሳይቀር ፈተንኩ። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁበት ዓመት በፈረንጅ 1889 ነው፤ ብቸኛ። በኛ 1881 ነው፤ በ3 ይካፈላል። ድንበር ሲሻገር መታወቂያው የሚለወጠው ሰው ብቻ አይደለም። በ2003 ግን፣ የፈረንጁ 2011 ከገባ በኋላ፣ ሁለቱም ብቸኛ ነበሩ። ከመስከረም እስከ ፈረንጅ አዲስ ዓመት ይህ አይሆንም፤ ልዩነቱ 7 ስለሆነ አንደኛው የግድ ተጋማሽ ቁጥር ነው። ይህን ለሐጂ ነግሬ ምን እንዳሉኝ አልጽፈውም።

ሴቶቹ ሰሊጥ ሲነፉ እያየሁ ብቸኛ ቁጥሮችን የሚለየው የኤራቶስቴንስ ወንፊት ትዝ አለኝ። አስዋን ላይ ጥላ በማይኖርበት ቀትር እስክንድርያ ላይ ያለውን ጥላ ለክቶ የምድርን ዙሪያ ያሰላው ሰውዬ ነው። ከራሱ ከ2 በቀር የ2ን ብዜቶች ይጥላል፣ እንዲሁ የ3ን ይጥላል፣ የ5ን ይጥላል፤ ማንንም አያካፍልም። የኛ ሴቶች ወንፊቱ ላይ የቀረውን ይደፋሉ፣ እሱ የሚፈልገው የቀረውን ነው። ከ1 ሚሊዮን በታች 78,498 ብቸኞች ቀሩልኝ። አንድ በአንድ ስፈትን ከወሰደብኝ ጊዜ ጋር ሳስተያየው አፈርኩ።

በሳምንቱ 97 ጆንያ ገባ። ስልኬን መዥረጥ አድርጌ ፈተንኩና «ሐጂ፣ ይሄ እንኳ በእውነት አይካፈልም» አልኩ፤ ጊዜውን ጭምር አሳየኋቸው። ሐጂ ስልኩን ሳያዩ ዓታሉን አዩ። ዓታሉ 96ቱን 12 በ8 አድርጎ ደረደረ። የተረፈችውን ጎትቶ ሻይ ሻጯ አጠገብ ወሰዳት፣ ተቀመጠባትና ሻይ አዘዘ።