ጠብን ከዕርቅ ለመጠበቅ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ያለ ደመወዝና ያለ አበል በዊኪፒዲያ ገጾች ላይ ስትሟገቱ ለምታድሩ በጎ ፈቃደኞች ሁሉ፤

ዕርቅ የሚባለው ነገር እየተስፋፋ ለክርክር ህልውና ሥጋት በመደቀኑ፤ ደመወዝ የሌለው ሰው ብቸኛ ክፍያው ትክክል ሆኖ መገኘት ሆኖ ሳለ ይህንንም በሽማግሌ ማስቀረት ግፍ በመሆኑ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የጠብ ጥበቃ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። «ፀብ ካልተባለ አንፈርምም» ያሉ ወገኖች ርዕሱን በመለወጥ ላይ ስለሆኑ አንባቢ የደረሰበትን ይጠቀም።

አንቀጽ 2። ስለ ቅርስ

በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ «እርጎ» የሚለው ቃል ሲጻፍ «ኤች» ፊደል ይግባበት ወይስ ይውጣለት በሚል እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ከ2003 እስከ 2011 የዘለቀው ሙግት በቅርስነት ተመዝግቧል። ሙግቱ ሲጀመር የተወለደ ልጅ «ኤች» በወጣች ጊዜ ፊደል ቆጥሮ ጨርሷል። እርጎውን የቀመሰ ተከራካሪ ስለ መኖሩ የቀረበ ማስረጃ የለም።

በ2013 ለዕይታ የበቃው «ስታር ትሬክ ኢንቱ ዳርክነስ» ፊልምም እንዲሁ። «ኢንቱ» የምትለው ቃል በትልቅ ፊደል ትጀምር ወይስ በትንሽ በሚል ከ40 ሺህ በላይ ቃላት ተጽፈው ትልቁ ረታ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይህ ጸጋ ቀርቶብናል፤ ነገር ግን ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ እያሉልን ማዘን አይገባም።

አንቀጽ 3። የተከለከሉ ድርጊቶች

የፊልሙን ፖስተር ከፍቶ ማየት ክልክል ነው። መጽሐፍ ገልጦ «ገጹ ይኸው» ማለትም እንዲሁ። ከሁሉ የከፋው ግን በ2005 የተፈጸመው ነው። አንዲቱን የፖላንድ ወደብ «ግዳንስክ» ነው «ዳንዚግ» ነው እያሉ የሚፋለሙ ወገኖች ድምፅ ሰጥተው ከ1308 እስከ 1945 ላለው ዘመን ዳንዚግ፣ ለቀረው ግዳንስክ ትባል ብለው ወሰኑ። ስንት ዓመት ሊያኖር የሚችል ጠብ በዓመተ ምሕረት ተሸንሽኖ አለቀ! እንዲህ ያለ ብክነት እንዳይደገም።

አንቀጽ 4። ስለ ሽምግልና

የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ የሽምግልና ኮሚቴ በ2018 መዘጋቱን በደስታ እናበስራለን። ኮሚቴው ሁሉም ወገን ካልፈቀደ ጉዳይ አይዝም ነበር፤ ለመታረቅ የሚፈቅድ ሰው ደግሞ ቀድሞውኑ እዚያ ድረስ አይሄድም። የአገር ቤት ሽማግሌ ግን አደገኛ ነው። እምቢ ሲሉት ነገ ይመለሳል፤ «ስለ እናትህ ብለህ» ይላል፤ ቡና እስኪፈላ ቁጭ ይላል። እዚህ ተጣዪዎቹ በቅጽል ስም ስለሚጠሩ የማንን እናት ይጥራ? ይህ መከላከያ ተጠብቆ ይቆይ።

ከዊኪፒዲያ መሥራቾች አንዱ የሆነው ጂሚ ዌልስ በ2003 መጨረሻ ያቋቋመው የግልግል ዳኞች ኮሚቴ ግን ሥራውን ይቀጥል። የሚፈርደው ስለ ተከራካሪው ጠባይ እንጂ ስለ ጽሑፉ ይዘት አይደለም። ተሳዳቢውን ያግዳል፤ «ኤች»ን ግን አይነካትም። ሰዎቹ ተባረው ጠቡ ስለሚተርፍ ከዓላማችን ጋር አይጋጭም።

አንቀጽ 5። ስለ ሦስቱ ሽረቶች

አንድ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ የሌላውን እርማት ከሦስት ጊዜ በላይ እንዳይሽር የሚከለክል ደንብ አለ። ስለዚህ አራተኛውን በ25ኛው ሰዓት ይሻሩ። አስተዳዳሪዎች ይህንንም ብልጠት ቆጥረው ያግዳሉና የታገደ ሁሉ ሰማዕት ተብሎ ይመዝገብ።

አንቀጽ 6። ቅጣት

«ልክ ነህ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» ብሎ የጻፈ ሰው ሦስት ወር ሙሉ ከቤተሰቡ ጋር እራት እንዲበላ ይገደዳል። ስልኩን ገበታ ላይ ማኖር አይፈቀድለትም።

አንቀጽ 7። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ዛሬ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። በዚያ ሰዓት ተኝቶ የተገኘ ተከራካሪ እንደ ተረታ ይቆጠራል።