ሰው አለኝ

ሐምሌ ሲብት ባሕር ዳር ላይ ሁለት ነገር መሙላት ይጀምራል፦ ጣናና የግብር ቢሮው ወረፋ። በዚህ ሰሞን ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ መፈለግ ሞኝነት ነው። እሱማ ደረሰኝ ጠይቆ፣ መዝገብ አገላብጦ፣ ጭራሽ «ይኼ የልጅዎ ሰርግ ነው፤ የድርጅት ወጪ አይባልም» ብሎ ያሳፍርዎታል።

ብልህ ነጋዴ የሚቀጥረው «ሰው አለኝ» ባዩን ነው። ቢሮው የማኪያቶ ጠረጴዛ፣ ፈቃዱ ስልኩ ውስጥ ያሉ ቁጥሮች ናቸው። ደረሰኝ አይጠይቅም፤ አይሰጥምም።

የግብር ውሳኔው ቢከብድዎ ባለሙያው ቀን ይቆጥራል። በፌደራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ቅሬታ በ21 ቀን ውስጥ ይቀርባል፤ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ሲባል ደግሞ ከተከራከሩበት ግብር 50 በመቶው ይያዛል። «ሰው አለኝ» ግን «ይዤዋለሁ፣ አይዞዎት» እያለ 21ኛውን ቀን በሰላም ያሻግርዎታል። ከዚያ መቀጫው በየወሩ ሲጨምር የእሱ ስልክ ይጠፋል።

ያኔ ወንዛዬ ፍል ውኃ ይውረዱ፤ ለወገብ ፍቱን ነው ይላሉ። ለውዝፉ ግን የክፍያ ጊዜ ማራዘሚያ ማመልከቻ የሚጽፍልዎት ያ ደረሰኝ ጠያቂ ሰውዬ ነው። የድካሙንም ዋጋ ደረሰኝ ቆርጦ ይቀበልዎታል። ምን ዓይነት ድፍረት ነው!