ከባድ እንግሊዝኛን ስለማካበት፦ ከነቀምቴ ሻይ ቤቶች የተገኘ ጥናት

የዚህ ጥናት ዓላማ ሰው እንግሊዝኛ ለምን እንደሚማር መመርመር አይደለም። እሱ የታወቀ ነው፤ 9ኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። ጥናቱ የሚጠይቀው፣ በእንግሊዝኛ መንገድ ጠፍቶት መጠየቅ የማይችል ወጣት «ቤሊጀረንት» የሚለውን ቃል ከነአጻጻፉ እንዴት ሊያውቅ እንደቻለ ነው።

ናሙናው የተወሰደው ከባኬ ጃማ ሻይ ቤቶች፣ ከወለጋ ዩኒቨርሲቲ አካባቢና ከጊምቢ ከሚመጣ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ነው። የናሙና አመራረጥ ዘዴው አጥኚው የተቀመጠበት ቦታ ሲሆን፣ ዘዴው ከዚህ በፊትም በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ተሠርቶበታል።

ዋናው መረጃ የተገኘው ወጣቱ ቃል ከሚሸመድድበት ደብተር ነው። ደብተሩ መሐሉ ላይ በእስክሪብቶ ተሰምሯል፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ ፍቺው በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ፣ አንዳንዴም በሁለቱም። የ«ኤ» ገጾች ወዝ ጠጥተው ጨርቅ መስለዋል። «ቢ» እና «ሲ» ጥግ ጥጋቸው ተጣጥፏል። «ዲ» ላይ የሽሮ ጠብታ አለ። ከ«ኢ» ወዲያ ያለው ወረቀት ግን ከሱቅ እንደወጣ ነው። በዚህም መሠረት የከተማዋ ወጣት ከ«አምቢቫለንት» እስከ «ዲክሪፒት» ባለው ክልል ከማንም እንግሊዛዊ ጋር ሊከራከር እንደሚችል ተረጋግጧል። ከዚያ ወዲያ በእጁ ነው የሚያስረዳው።

አንድ ጉዳይ በቅርብ ታይቷል። ወጣቱ በዓለም ገበያ «ለቀምት» ተብሎ የሚታወቀውን የአገሩን ቡና ፉት አለና፣ «እትዬ፣ ቡናው አስትሪንጀንት ነው» አለ። ሴትዮዋ ፊቱን አይታ ስኳር ጨመረችለት። ከተናገረው ሁሉ ሥራ የሠራው ፊቱ ነበር።

ቃሉ ግን ከንቱ አልቀረም፤ አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ደብተሩን አውጥቶ ጽፎታል። የከባድ ቃል ክብደት የሚለካው በሚነቀነቁ ራሶች ብዛት ነው። አበል ባለው ስብሰባ ላይ «ሆሊስቲክ» ሲባል አዳራሹ በሙሉ ይነቀንቃል፤ «ምን ማለት ነው?» ብሎ የጠየቀ እስካሁን አልተመዘገበም። ጠያቂ የተገኘለት ቀን ቃሉ ከማዕረጉ ይወርዳል።

እ.ኤ.አ. በ2000 አቨሪል ኮክስሄድ የተባለች ምሁር በዩኒቨርሲቲ መጻሕፍት ውስጥ ደጋግመው የሚመጡ 570 የቃል ቤተሰቦችን ለቅማ አውጥታለች። ከደብተሮቹ ውስጥ እነዚህን መፈለግ ድካም ነው። ስለሚያገለግሉ አይሸመደዱም።

ታሪካዊ ዳራውን እንይ። በ1755 (እ.ኤ.አ.) ዝነኛውን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ሳሙኤል ጆንሰን፣ ከዚያ 20 ዓመት ቀደም ብሎ የታተመለት የመጀመሪያ መጽሐፉ ሎቦ የተባለ ተጓዥ የጻፈው የአቢሲኒያ ጉዞ ትርጉም ነበር። በ1759 ደግሞ «ራሴላስ»ን ጻፈ፤ ባለታሪኩ የአቢሲኒያ ልዑል ነው። ሰውየው አገራችንን ሳያይ ጻፈብን፤ እኛም ቃላቱ ሳይገቡን ሸመደድንለት። ሒሳቡ ተዘግቷል።

ለሐቀኝነት ሲባል አንድ ተቃራኒ ማስረጃ መጠቀስ አለበት። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲመልሱ፣ አስቴር እጅግ ብዙ የኦሮምኛ ቃላት ሰብስባ ነበር። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ፤ ሁለቱም በ1904 ወደ ነቀምቴ መጡ፤ ኦኔሲሞስ በ1931 እዚሁ አረፈ። ያን ሁሉ ቃል የለቀሙት ሰሚው እንዲገባው ነው። ይህ ከጥናቱ ግኝቶች ጋር በምንም መንገድ ስላልታረቀ «ልዩ ሁኔታ» በሚል ተመዝግቦ ታልፏል።

አንዳንድ መረጃ ሰጪዎች፣ የብሔራዊ ፈተናው ምርጫ ራሱ ከ«ኤ» እስከ «ዲ» ብቻ ስለሆነ ደብተሩ ከ«ዲ» አለማለፉ ችግር የለውም ሲሉ ተከራክረዋል። ክርክሩ ማራኪ ነው፤ ውጤቱ ግን አልደገፈውም። በ2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845,188 ተማሪዎች 50 በመቶና በላይ ያመጡት 27,267፣ ማለትም 3.2 በመቶ ነበሩ። እርግጥ ጥፋቱን ሁሉ በ«አምቢቫለንት» ላይ መጣል ግፍ ነው።

ምክረ ሐሳብ፦ በሻምቡ፣ በነጆና በደምቢ ዶሎ የምትገኙ ወጣቶች እባካችሁ ሽምደዳውን ከ«ዜድ» ጀምሩ። ነቀምቴ ከ«ኤ» ጀምራ እየመጣች ስለሆነ፣ እግዚአብሔር ከፈቀደ «ኤም» ላይ ትገናኛላችሁ።