ማን ጠቀሰህ?

ባለፈው እሑድ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ፣ የእህቴ ልጅ ከስልኩ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ አንዲት ጃፓናዊት ጠቀሰችኝ!» አለኝ።

«ተመስገን!» አልኩ። ልጁ 41 ዓመቱ ነው፤ ሠርጉን ሳላይ እንዳልሞት እፈራለሁ። ለካስ የጠቀሰችው ጽሑፉን ኖሯል። በኛ ጊዜ ሰው ከተጠቀሰ ቀጥሎ ሽማግሌ ይላክ ነበር። ይኸው ዛሬ ተጠቅሶ ተጠቅሶ ላጤ ሆኖ ቀርቷል።

ሐኪም ነው፤ የሚያጠናው የአንጀት ትል። ስለ ትሉ ግን አንድ ቀን አጫውቶኝ አያውቅም። «ኤች ኢንዴክሴ 14 ገባ» ይለኛል፣ ሕፃን ጥርስ ያወጣ ይመስል። ምንድን ነው ብለው ስኒ እየደረደረ አስረዳኝ፤ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 14 ጊዜ የተጠቀሱ 14 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ሒሳቡን በፈረንጅ 2005 ያወጣው ካሊፎርኒያ የሚያስተምር ሆርሄ ኸርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ሐኪም እንኳ አይደለም!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። በ1964 ዩጂን ጋርፊልድ የሚባል ሰው ፊላደልፊያ ላይ ማን ማንን እንደ ጠቀሰ የሚዘረዝር መዝገብ ማውጣት ጀመረ። በዚያው ዓመት የኛው ተመራማሪ አክሊሉ ለማ ዐድዋ ወንዝ ወርደው፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዋ የቢልሃርዚያ ትል ማደሪያ ናት፤ እሷ ከሞተች ትሉ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። እሳቸው የሞተ ቀንድ አውጣ አይተው ነው ለዚህ ግኝት የበቁት። የእህቴ ልጅ ወንዝ ካየ ስንት ዓመቱ!

«እስኪ እሳቸውን ፈልግልኝ» አልኩት። ፈለገ፤ ያገኘው «ለማ»ን ነው። ፈረንጅ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም ያደርግና፣ ልጅ የደከመበትን አባት ይጠቀስበታል፤ ባለሥራው አንዲት «አ» ሆኖ ከኋላ ይንጠለጠላል።

ጓደኞቹን ደግሞ ባያችኋቸው። ሦስት ናቸው፤ እሱ እነሱን ይጠቅሳል፣ እነሱ እሱን ይጠቅሳሉ። ይህ ዕቁብ ነው። ያውም የኛ ዕቁብ ዳኛና ዋስ አለው፤ ዕጣ ሲወጣም ብር ይታያል።

እኔስ ብሆን ጽፌ የለ? ጎንደር የተማርኩ ጤና መኮንን ነበርኩ። ጣና ዳር ባለች ወረዳ፣ የተማሪ ቤት ልጆች ሰገራቸውን በክብሪት ቀፎ ይዘውልኝ ይመጡ ነበር፤ አንዳንዱ የታናሽ ወንድሙን፣ አንዱማ የጥጃ አምጥቶልኛል። ያንን ሁሉ በአንዲት ማይክሮስኮፕ፣ መስኮት ስር ተቀምጬ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆጥሬ አንዲት ጽሑፍ አሳትሜያለሁ። አንዲት ብቻ።

«ልፈልግልዎት?» አለኝ።

«ምን ያደርግልኛል?» አልኩና ወንበሬን አስጠጋሁ።

«ሦስት ጊዜ ተጠቅሷል።»

«ማን? ማን ጠቀሰኝ?»

ሁለቱ አብሮኝ የሠራው ሰው ኋላ የጻፋቸው ናቸው። ሦስተኛው ባዕድ ነው፤ «ናሙናው ጥቂት፣ አቆጣጠሩም የማያስተማምን» ብሎ ነው ያነሳኝ። የጥጃዋን ነገር ማን ነገረው?

«ስድብም ይቆጠራል?»

«እንዴታ! ዌክፊልድ በ1998 ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘበትን ጽሑፍ ላንሴት በ2010 ሰርዞታል። ሐሰት ነው እያለ የሚጠቅሰው ሁሉ ግን ይቆጠርለታል። የእርስዎም ኤች ኢንዴክስ 1 ነው።» ትንሽ ዝም አለና «እንዲያውም የእርስዎ አይደለም ጋሼ፣ የአያቴ ነው» አለኝ።

አባቴ ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬ ነበሩ። በረካው ቀረበ፤ እኔ ግን ስኒዬን ገፋ አድርጌ፣ ያንን የሰደበንን ሰውዬ ስም ደግሞ እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት።